ሃይድሮቫክ መኪና ላይ ምን ምን ትይዛላችሁ? የኔ ሳጥን ባዶ ነው

ጭቃ ለባሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት በረዳትነት ስሠራ ቆይቼ ከሰኞ ጀምሮ የራሴን ሃይድሮቫክ መኪና (አፈሩን በውሃ ግፊት ቆርጦ ጭቃውን በቫኩም የሚመጠውን) ልረከብ ነው። መኪናው ደህና ነው። የውሃ ፓምፑም፣ ቫኩም የሚፈጥረው ብሎወርም ጤነኞች ናቸው። ችግሩ፣ ከኔ በፊት የያዘው ሰው ሲለቅ ሳጥኖቹን ሙልጭ አድርጎ ነው የሄደው። የተረፈኝ አንድ የተጣመመ አካፋ፣ ጫፉ የጠፋ የግሪስ ፓምፕና አንድ ላስቲክ ቦቲ ነው። አንድ። የግራ እግር።

አለቃዬ "የሚያስፈልግህን ጻፍና አምጣ" አለኝ። ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ወጣው። አየት አደረገና "ይሄን ሁሉ ከጫንክ ጭቃውን የት ልታደርገው ነው?" አለኝ።

እና እናንተን ልጠይቅ። ከመኪናው ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን አይደለም። ሳጥን ውስጥ፣ ከወንበር ጀርባ፣ ጎን ላይ አንጠልጥላችሁ የምትዞሩትን ዕቃ ንገሩኝ። ሥራችን ባብዛኛው የተቀበረ መስመር ፈልጎ ማጋለጥ ነው፤ ጋዝ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ፋይበር። አልፎ አልፎ የምሰሶ ጉድጓድ አለ። ከ2 ሜትር በታች ብዙም አንወርድም።

ባለ ኖዝሉ፦

እንኳን ደስ ያለህ! ከረዳትነት የመጣ ኦፕሬተር ደስ ይለኛል፣ ዕቃ ፍለጋ መሮጥን ያውቀዋል።

እኔ ከኖዝል፣ ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ፣ እጀምራለሁ። ቢያንስ ሁለት መለዋወጫ የሚሽከረከር ኖዝል ያዝ፣ ቁጥሩ ፓምፕህ ከሚፈልገው ጋር አንድ ይሁን። ቁጥሩን ዝም ብለህ አትለፈው። 5.5 የሚል ካየህ በ4000 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት በደቂቃ 5.5 የአሜሪካ ጋሎን ያወጣል ማለት ነው። ግፊቱን በግማሽ ስትቀንሰው ውሃው በግማሽ አይቀንስም፤ 70 በመቶ ገደማው አብሮህ ይቆያል። ይሄን የማያውቅ ሰው ግፊት ቀንስ ሲባል ሥራው የቆመ ይመስለዋል።

ኖዝል ሲበላ ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል። ውሃ በብዛት ይወጣል፣ ግፊቱ ግን ይወርዳል። የውሃ ታንከሩ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅብህና መሬቱ አልቆረጥ ሲልህ ፓምፑን ለመፍታት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ኖዝሉን ቀይር። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ የፓምፕ ቫልቭ ስፈታ ስገጥም ውዬ፣ ማታ ላይ ረዳቴ አዲስ ኖዝል አስገብቶ ሥራውን ጨረሰው። ምንም አላለኝም። ምንም አለማለቱ ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ሌላ ጫፉ በላስቲክ የተሸፈነ ኖዝል ለመስመር አካባቢ፣ መጥረጊያ ቀጭን ሽቦ፣ ኦሪንግ፣ ቴፍሎን፣ ለፓምፑ መግቢያ ማጣሪያ አንድ ተጨማሪ ወንፊት። ሁሉም የምሳ ዕቃ በምታክል ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። አለቃህ በዚህ ሊስቅ አይችልም።

ፋሸታ፦

ኖዝሉ ልክ ነው። ግን እኔ ሥራ ሲያስቆም ያየሁት ጓርኒሲዮን ነው፣ የላስቲክ ቀለበቷ።

የመምጠጫ ቱቦዎቹ በተገናኙበት ሁሉ አንድ ጓርኒሲዮን አለ፣ በላዩ ደግሞ ፋሸታ የሚባለው ማሰሪያ ያጠብቀዋል። አንዷ ከተቀደደች ወይ ቱቦ ስትቀይር ጭቃ ውስጥ ከወደቀችብህ አየር በዚያ ይገባና ጫፍ ላይ ያለው የመሳብ ኃይል ይሞታል። ጭቃው ግማሽ መንገድ ይወጣና እዚያው ይተኛል። እኛ አንድ ቀን መንገድ አዘግተን፣ መኪናው እያጓራ፣ አራት ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ፣ ያቺን የላስቲክ ቀለበት ፍለጋ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ሄደብን። ያኔ ነው የማልኩት። ለ8 ኢንቹም ለ6 ኢንቹም አራት አራት ጓርኒሲዮን፣ ሁለት ሁለት ፋሸታ ሳልይዝ ከጊቢ አልወጣም።

የሚያፏጨውን ቦታ ለማግኘት ስስ ፌስታል መገጣጠሚያው አጠገብ ያዝ። ፌስታሉ ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ እሱ ነው። በእጅህ እየዳሰስክ ግን አትፈልግ።

ቱቦን በተመለከተ፣ ለ2 ሜትር ጥልቀት ሁለት ረዘም ያሉ ቀጥ ቱቦዎች፣ አንድ አጭር፣ አንድ ክርን (የታጠፈ ቱቦ)፣ ከ8 ወደ 6 የሚያጠብ አንድ ማገናኛ ይበቃሃል። ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ወይም የአየር ቀዳዳ ያለው ቀለበት እንዳይረሳ። ጭቃውን ተሸክሞ የሚወስደው አየር ነው። ቱቦውን ጭቃ ውስጥ ደፍቀህ አየር ከከለከልከው ምንም ያህል ቫኩም ቢኖርህ አይንቀሳቀስም። አዲስ ረዳት ሁሌ እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ።

ዲጂኖ፦

የእጅ ዕቃውን ማንም አላነሳውም እኮ!

ሁለት አካፋ፣ አንዱ ጠባብ ምላስና ረጅም እጀታ ያለው። ጂራቱቦ ባለ 24 እና ባለ 36። የመፍቻ ሙሉ ስብስብ፣ ትልቅ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት መጋዝ። የቡሎን፣ የዳዶና የሮንዴላ ቆርቆሮ። የሚሠራ የግሪስ ፓምፕ፣ ያንተን ጣለው። ታኮ አራት። ወፍራም ገመድ 15 ሜትር። ሁለት የጭንቅላት ባትሪና አንድ ትልቅ መብራት። የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ፊውዝ፣ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር። ዲጂኖም አለ፣ ስሜ ነውና አልተወውም።

ዕቃ በዛ አይባልም። መሐል ሜዳ ላይ አንድ ነገር ስታጣ አለቃህ አጠገብህ የለም።

ቆጣቢ፦

ወንድሜ ዲጂኖ፣ ባንተ ሐሳብ መኪናው መጋዘን ሊሆን ነው። አለቃው እኮ ዝም ብሎ አልሳቀም። አንድ ኪዩቢክ ሜትር እርጥብ ጭቃ እንደ አፈሩ ከ1.6 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። 5 ኪዩቢክ ስትሞላ 8፣ 9፣ 10 ቶን ነው የምታወራው። በዚያ ላይ ያልተጠቀምክበት ውሃ አለ። የኋላ አክስሉ ከተፈቀደለት በላይ ሆኖ ሚዛን ላይ ብትያዝ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። እኔ ሳጥኔን በየወሩ አራግፌ ያልነካሁትን አወርዳለሁ።

ዲጂኖ፦

ሒሳቡን እንሥራው እንግዲህ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ተጠርቅሞ ቢከብድ 200 ኪሎ ነው። 200 ኪሎ ማለት 200 ሊትር ውሃ ነው። 4000 ሊትር ታንከር ላይ 200 ሊትር ቀንሰህ ብትወጣ ልዩነቱን ታውቀዋለህ? አታውቀውም። ከአክስል በላይ የሚያስጭንህ ጂራቱቦ አይደለም፣ "አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል፣ ጨርሰን እንሂድ" የምትለዋ ነገር ናት።

ቆጣቢ፦

እሺ፣ በክብደቱ አሸነፍከኝ። ግን የኔ ነጥብ ፍለጋው ነው። አርባ ዕቃ በተደራረበበት ሳጥን ውስጥ አንዷን ጓርኒሲዮን ለማግኘት ሠላሳ ዘጠኙን ታወርዳለህ። ያልተገኘ ዕቃ እንደሌለ ነው። የማልነካውን የማወርደው ለዚህ ነው።

ባለ ኖዝሉ፦

የሚነካና የማይነካ ያልከው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሳት ማጥፊያዬን ነክቼው አላውቅም። ላውርደው?

ቆጣቢ፦

😄 እሱን ተው። እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ የዘይት ፍሳሽ መምጠጫ ከረጢት፣ እነዚህ ከቁጥር ውጭ ናቸው።

የድሮ ኦፕሬተር፦

ልጆች፣ ስለ ላስቲክ ቀለበት ብዙ ተባለ። ስለ ሰው ትንሽ ልበል።

ጥሩ ብሎወር እስከ 27 ኢንች ሜርኩሪ ይስባል። ይሄ ቁጥር ለብዙ ሰው ምንም አይለውም። ወደ ኪሎ ስትለውጠው ግን ባለ 8 ኢንች ቱቦ አፍ ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ወደ 300 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይይዛል። ባለ 6 ኢንቹ 170 ኪሎ ገደማ። እጅህ ወይ እግርህ ከተያዘ ጉልበተኛ ጓደኛ ጎትቶ አያስለቅቅህም። የሚያስለቅቅህ ቫኩሙን መልቀቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዛው ዕቃ በመምጠጫ ቱቦው ላይ የሚገጠም የአየር መልቀቂያ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ይሁን። ክዳኑ ላይ ገመድ ይታሰርበታል፣ ገመዱ ቱቦውን የያዘው ሰው እጅ ይደርሳል። ሲስበው ክዳኑ ይከፈታል፣ አየር በዚያ ይገባል፣ ጫፉ ይለቃል። ቀላል ነገር ነው፣ ባትሪ አይፈልግም። ሪሞቱ ላይ ያለው መልቀቂያና የአደጋ ጊዜ ማጥፊያም አለ፣ እሱንም ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ሞክሩት። ለሪሞቱ መለዋወጫ ባትሪ ኪስ ውስጥ እንጂ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ሪሞቱ የሚሞተው ቡሙ (ቱቦውን የተሸከመው ክንድ) አየር ላይ እያለ ነው።

ሁለተኛው፣ የጭቃ ታንከሩ ሲነሳ የሚደገፍበት የብረት ድጋፍ። ሃይድሮሊክ አለ ብሎ ከሥሩ የሚገባ ሰው አይቻለሁ። የሃይድሮሊኩ ጎማ ቢፈነዳ ታንከሩ ማንንም አይጠብቅም። ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ፣ የመብራት ሽቦ ካለ ሌላ ቦታ ድፉ። መሬቱም ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፣ ጭቃው በአንድ ጎን ተጣብቆ ሲቀር መኪናው ይገለበጣል።

ሦስተኛ፣ ታንከር ውስጥ አትግቡ። በረጅም ዘንግ ከውጭ እጠቡት። ግድ ሆኖ የሚገባ ካለ ቁልፍ፣ መቆለፊያና ምልክት ያስፈልጋል፤ የሞተሩ ቁልፍ በሚገባው ሰው ኪስ ይሁን። ጋዝ መለኪያ ሳይገባበት ሰው አይገባበትም። ኦክስጅን 20.9 በመቶ መሆን አለበት፣ 19.5 ሳይደርስ መውጣት ነው። መለኪያው ተቀጣጣይ ጋዝን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድንም የሚያነብ ይሁን። ጉድጓድ አፍ ላይም ይጠቅማችኋል፣ ጋዝ መስመር ላይ ነው የምትሠሩት።

ጭቃ ለባሽ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። 300 ኪሎዋን ሳነብ እጄን አየሁት። በረዳትነት ስንቴ የተዘጋ ቱቦ አፍ በመዳፌ እየመታሁ አጽድቻለሁ መሰላችሁ። ብሎወሩ ሳይጠፋ።

ረዳቷ፦

ሁላችሁም ኦፕሬተሮች ናችሁ መሰለኝ፣ ከረዳት ወገን አንድ ቃል ይሰማ።

ለሰውነት የሚሆነው ዕቃ ሁሌ ለአንድ ሰው ብቻ ተገዝቶ ይመጣል፣ ያውም በትልቅ ልክ። ጓንቱ እጄ ውስጥ ይዋኛል። በሰፊ ጓንት የውሃውን ዘንግ ምላጭ መያዝ አደጋ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። ምላጩ ሲለቀቅ ውሃው ወዲያው መቆም አለበት፤ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ ተጭኖ እንዲቀር የሚያደርግ ኦፕሬተር ካጋጠማችሁ አብራችሁት አትሥሩ። "እጄ ደከመኝ" ይላል። ቢደክምህ ተቀያየር!

እና በየልካችሁ ጓንት፣ ሙሉ የፊት መከላከያ ከመነጽር በተጨማሪ፣ የጆሮ መከላከያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ብረት አፍንጫ ያለው ቦቲና በላዩ የሚታሰር የእግር መከላከያ። የውሃው ጄት ጠጠር ነክቶ ወደ እግር ሲዞር ቦቲ ብቻውን አይበቃም።

ሌላው ውሃ ቆዳ ሲበሳ ነው። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታህል ትመስላለች፣ አታሳምምም ይሆናል፣ ሰውዬው ፕላስተር ለጥፎ ሥራ ይቀጥላል። ውስጥ ግን ውሃና ቆሻሻ ሥጋውን ሰንጥቆ ገብቷል፣ ለቀዶ ሕክምና አጣዳፊ ጉዳይ ነው። ሐኪሙም ከላይ አይቶ ቀላል ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ እኔና ኦፕሬተሬ ኪሳችን ውስጥ ትንሽ ካርድ አለች፦ "ይህ ሰው በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይሠራል፣ ግፊቱ ይህን ያህል ነው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ከውስጥ ይታይ" የምትል። በፕላስቲክ አስለብጠናታል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ቀላሏ እሷ ናት።

ዲጂኖ፦

እህቴ፣ ካርዷን ነገ አሠራለሁ። ይሄን እስካሁን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

መብራት ፈሪ፦

የመብራት መስመር እናጋልጣለን ብለሃል። እንግዲያው የምለውን በደንብ አንብብ።

አንደኛ፣ መኪናውን ከመሬት ጋር የምታያይዝበት ሽቦ፣ መቆንጠጫውና የመሬት ዘንጉ። ሁለተኛ፣ ዘንጉን የያዘው ሰው የሚቆምበት የብረት መረብ ምንጣፍ፣ እሱም ከመኪናው ጋር በሽቦ የተያያዘ። ጄቱ ሽቦ ቢነካ መኪናውም፣ ዘንጉም፣ የቆምክበትም እኩል ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፣ ልዩነት ስለሌለ በሰውነትህ የሚያልፍ ነገር አይኖርም። ከምንጣፉ ግማሽ እግርህን ካወጣህ ግን ጥቅሙ አለቀ። ሦስተኛ፣ ለኤሌክትሪክ የተፈተሸ ጓንትና ቦቲ። ተራ የላስቲክ ጓንት አይደለም፣ የፍተሻ ቀኑ የተጻፈበት። አራተኛ፣ የመምጠጫ ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን። አሉሚኒየሙን እቤት ተወው።

ዲጂኖ፦

እዚህ ጋ አልስማማም። ፕላስቲክ ቱቦ ጠጠርና ድንጋይ ባለበት መሬት በጥቂት ቀን ውስጥ ጫፉ ተበልቶ ያልቃል። ሲበላ ደግሞ ሹል ይሆናል። ለምሰሶ ጉድጓድ፣ መስመር በሌለበት ቦታ፣ አሉሚኒየሙ ነው የሚያዋጣው። ቀላል ነው፣ ቢጣመም በመዶሻ ታቀናዋለህ።

መብራት ፈሪ፦

መስመር የለም ብለህ የቆፈርክበት ቦታ ሁሉ በእርግጥ መስመር አልነበረበትም?

ዲጂኖ፦

... አንዴ ነበረበት። የድሮ የስልክ ገመድ። እግዜር አተረፈኝ።

መብራት ፈሪ፦

እኔም የማወራው ስለዛች አንዴ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ፕላስቲኩንም አምላክ አታድርጉት። ሲረጥብ በላዩ ያለው ጭቃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የውሃው ጎማ ውስጡ በብረት ሽቦ የተጠለፈ ነው። ስለዚህ ቱቦው ፕላስቲክ ነው ብሎ ምንጣፉን የሚተው ሰው ራሱን ሸውዷል። ሁለቱንም ቱቦ ያዙ፣ ብረቱ ላይ ለታች፣ ፕላስቲኩ ለጫፉ። ጫፉ ሲበላ የምትቀይረው አጭሯን ብቻ ነው።

ፋሸታ፦

አጭር ፕላስቲክ ጫፍ፣ ረጅም አሉሚኒየም። እኛም እንደዛ ነን። ክርክሩ በዚህ ይለቅ ባይ ነኝ።

ጭቃ ለባሽ፦

ብረቱ "ላይ ለታች" ያልከው ከላይ በኩል ማለትህ ነው አይደል?

መብራት ፈሪ፦

አዎ፣ ብረቱ ከላይ፣ ፕላስቲኩ መሬት በሚነካው በኩል። በስልክ ስለምጽፍ ነው።

ጭቃ ለባሽ፦

እሺ። ሌላ ጥያቄ። መስመር መፈለጊያ መሣሪያ እኔ መያዝ አለብኝ ወይስ ምልክት ያደረገው ክፍል ሥራ ነው? ደግሞ ግፊቱን በየት በየት ልቀንስ?

የድሮ ኦፕሬተር፦

ምልክቱን ሌላ ሰው ቢያደርገውም መፈለጊያ መያዙ አይጎዳም። ቀለሙ በዝናብ ታጥቦ፣ በጎማ ተፍቆ ታገኘዋለህ። ነገር ግን መፈለጊያው በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራው የብረት መስመርን እንጂ ፕላስቲክ ቱቦን አያይም፣ አብሮት የተቀበረ መከታተያ ሽቦ ከሌለ በቀር። ለዚህ ነው ዓይን ያላየውን መስመር ተገኘ የማንለው። ስፕሬይ ቀለም፣ ትንንሽ ባንዲራ፣ ሜትር፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ መነካኪያ ዘንግ ያዝ። የዲጂኖ ወዳጃችን ብረት ዲጂኖ ምልክት በተደረገበት ቦታ ከሳጥን አይውጣ።

በሰሜን አሜሪካ የምትሠሩ ካላችሁ የቀለሙን ትርጉም በር ላይ ለጥፉት። ቀይ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ፋይበር፣ ሰማያዊ የሚጠጣ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ነጩ የሚቆፈርበትን ቦታ ማሳያ ነው። ሌላ አገር ሌላ ነው።

ግፊትን በተመለከተ የመስመሩ ባለቤት የሚሰጥህን ቁጥር ተከተል። እኛ የምንሠራበት መመሪያ ከ2500 ፒ.ኤስ.አይ አትለፉ ይላል፣ ይሄ 172 ባር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ኖዝል ይዘን መስመሩ 45 ሴንቲሜትር ሲቀረን ወደ 1500 እናወርዳለን። የኖዝሉ ጫፍ ከመስመሩ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ። ዘንጉ አንድ ቦታ አይቁም፣ ሁሌ ይንቀሳቀስ። ኖዝሉን አፈር ውስጥ መሰካት የለም። ለዚህ የምትፈልገው ዕቃ አንድ ነገር ነው፣ ዘንጉ አጠገብ የሚነበብ የግፊት መለኪያ። ፓምፑ ጋ ያለው ብቻ ከሆነ ማንም ሄዶ አያየውም።

ብርዳም፦

በረዶ አገር ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ቦይለር ያለው መኪና ከሆነ የውሃውን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያዙ። እኛ መስመር አጠገብ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አናልፍም። ፕላስቲክ የጋዝ ቱቦ ሙቅ ውሃ ያለሰልሰዋል፣ የኬብል ልባስም እንደዚያው። ማታ ማታ መስመሩን በአየር ንፉት፣ ፓምፑ ውስጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ አስገቡ፤ መርዛማ ያልሆነውን ዓይነት። አንድ ሌሊት የረሳ ሰው ጠዋት የተሰነጠቀ የፓምፕ ራስ ይዞ ነው ወደ ጋራዥ የሚሄደው። የዘንጉን ምላጭ አትርሱ፣ እሱ ውስጥ የቀረች አንዲት ጉንጭ ውሃ ትበቃለች።

ባለ ኖዝሉ፦

ውሃ መቅጃውስ? ለሃይድራንቱ የራሱን መፍቻ ያዝ፣ በጂራቱቦ አትታገለው፣ ራሱን ትበላዋለህ። ጎማ 15 ሜትር፣ ሁለት ዓይነት ማገናኛ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭ ሳትገጥም አትቅዳ። ጭቃ የነካ ታንከር ነው፣ ሰው የሚጠጣው መስመር ውስጥ ምንም ነገር እንዳይመለስ። ይሄ በጣም አሰልቺ ዕቃ ነው፣ ግን ከሌለህ ውሃ የሚከለክልህ ሰው ልክ ነው።

ረዳቷ፦

ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላስ? ማንም አላነሳም። ኮን፣ የማስጠንቀቂያ ሪባን፣ ሁለት ወፍራም ኮምፔንሳቶ። ኮምፔንሳቶው ላይ "ጉድጓድ አለ" ብላችሁ በቀለም ጻፉበት፣ ሰው አንስቶ ከወሰደው ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚገባበት። 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ጉድጓድ ለእግር ይበቃል። ደግሞ ከመሸፈናችሁ በፊት ሜትሩን አግድም ላይ አሳርፋችሁ ጥልቀቱን በፎቶ አንሱት። በማግሥቱ "እናንተ ናችሁ የጎዳችሁት" የሚል ሲመጣ ፎቶዋ ትመሰክራለች።

ጭቃ ለባሽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን ለሦስት ከፈልኩት፦ ሰው የሚያድን፣ ሥራ የሚያስቆም፣ ሌላው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙሉ በሙሉ አስፈቀድኩ። ሦስተኛው ላይ አለቃዬ ግማሹን ሰረዘው፣ ዲጂኖም ተሰርዟል፣ ይቅርታ ወንድሜ።

ዲጂኖ፦

ከሳጥን እንጂ ከልብ አይሰርዙኝም።

ጭቃ ለባሽ፦

(ከ9 ቀን በኋላ) ሪፖርት ላድርግ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። ሁለት ጓርኒሲዮን ቀይሬያለሁ፣ ፋሸታ ወንድሜ ስምህን እያነሳሁ። የገመዱን መልቀቂያ ረዳቴ በቀን አሥር ጊዜ ይስበዋል፣ መጫወቻ ሆኖበታል፣ እኔም ዝም ብየዋለሁ፤ እጁ ይልመደው። ኖዝሉን ቀየርኩና ውሃው አንድ ጉድጓድ ተጨማሪ አወጣልኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። እንቁላል የመሰለ ትልቅ ድንጋይ ክርኑ ውስጥ ገብቶ ተሰነቀረ። ቫኩሙን ለቀቅን፣ ሞተሩን አጠፋን፣ ቱቦውን ፈታን። ከዚያ ማውጫ የለም! ከመካከላችሁ ማናችሁም ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ያዝ አላላችሁኝም። መጨረሻ ላይ የወጣው በዛ በተጣመመ አካፋ እጀታ ነው። እንኳን አልጣልኩት።

ቆጣቢ፦

መንጠቆ ዘንግ! እውነት ነው፣ እኔ ጋ አለ፣ ግን ታንከሩ ጎን ላይ ስለተሰቀለ ዕቃ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ፋሸታ፦

የግራ ቦቲውስ ምን ሆነ?

ጭቃ ለባሽ፦

አለ። ታጥቦ ከወንበር ጀርባ ተሰቅሏል፣ የጓርኒሲዮን መያዣ ሆኗል። አፉ ሰፊ ነው፣ እጅ ሰድዶ ማውጣት ነው፣ በጨለማም ይገኛል።

ባለ ኖዝሉ፦

ቁጥሩ ስንት ነው?

ጭቃ ለባሽ፦

43። ምነው?

ባለ ኖዝሉ፦

የቀኙ እኔ መኪና ላይ ነው መሰለኝ። ኖዝል አለበት።